በሰው ቁርጭምጭሚት የታመመው አስተርጓሚ

የአስተርጓሚው ሚስት እንግዳ በመጣ ቁጥር የማትተዋት አንዲት ቀልድ አለቻት። «ሁለት ምላስ ያለውን ሰው አትመኑ ይባላል፤ እኔ ግን አግብቼው ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ!» ትላለች። እንግዳው ይስቃል። አስተርጓሚውም እንደ አዲስ ይስቅና፣ ልማድ ሆኖበት፣ ቀልዷን በልቡ ወደ ሌላው ቋንቋ ይገለብጣታል። እዚያ አታስቅም።

ሥራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከታማሚው ትከሻ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ መደገፊያ በሌላት ክብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሐኪሙ ያለውን በእኛ ቋንቋ ለታማሚው፣ ታማሚው ያለውን በሐኪሙ ቋንቋ ለሐኪሙ ያደርሳል። «እሷ እንዲህ አለች፣ እሱ እንዲያ አለ» ማለት ክልክል ነው። ታማሚው «ሆዴን» ካለ እሱም «ሆዴን» ነው የሚለው። በዚህ ዓይነት ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ አምጧል፣ አንዴ የሐሞት ጠጠር ወጥቶለታል፣ በዓይኑ አይቷት በማያውቅ አማት ላይም ብዙ ክፉ ነገር ተናግሯል።

የሥራው ሕግ አጭር ነው። ከአፍ የወጣ ሁሉ ይተረጎማል፤ ከአፍ ያልወጣ አይተረጎምም። ሕጉን ያጓደለ ጥፋት ይመዘገብበታል። ሦስት ጥፋት የሞላበት ደግሞ ከሐኪሞቹ ክፍል ተነሥቶ ምድር ቤት ወዳለው የቅጽ ክፍል ይወርዳል፤ እዚያ «ሙሉ ስም»ን እና «የትውልድ ዘመን»ን ከቋንቋ ቋንቋ ሲያገላብጥ ይውላል። ከሦስት ዓመት በፊት የወረደ አንድ ባልደረባው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ «ጤና፦ ደህና። ቤተሰብ፦ አራት» ብሎ ነው ሰላም የሚለው።

አስተርጓሚው ሁለት ጥፋት አለበት። ሁለቱም የመጡት በሕመም ነው።

የሐኪሞቹ ቋንቋ ተናጋሪ ሲያመው «አው» ይላል። መርፌ ቢወጋው «አው»፣ በር ጣቱን ቢቀረጥፈው «አው»፣ ጣሪያ ቢወድቅበትም ትንሽ ረዘም አድርጎ «አው» ነው። አንዲት ድምፅ ለሁሉም ትበቃቸዋለች። በእኛ ቋንቋ ግን ሕመም ብቻውን አይመጣም፤ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ነው። እናት ትጠራለች፣ ፈጣሪ ይጠራል፣ አገር ይጠራል፣ ካስፈለገም ያሳመመው ሰው ይረገምና ወዲያው ይመረቃል።

የመጀመሪያው ጥፋት የተመዘገበው አንድ ተሸካሚ ማጅራቱ ላይ የወጣበት እባጭ ሲፈነዳለት ነው። «ኧረ ጨረሰኝ! ኧረ ያገር ያለህ! ወይኔ ሰውዬው! በቁሜ ገደለኝ!» ብሎ ጮኸ። አስተርጓሚው በጨዋ ደንብ «አው» ብሎ አስተላለፈ። በቅጹ ላይ «ስምንት ቃላት ቀርተዋል» ተብሎ ተጻፈ።

እሱም ተማረ። በወሩ አንድ ዳቦ ጋጋሪ የተቃጠለ ክንዱ ላይ የተጣበቀው ፋሻ ሲላጥ «ወይኔ እናቴ!» ሲል፣ አንድም ሳያጎድል ቃል በቃል ገለበጠው። ነርሷ እናትየውን ፍለጋ ወጣች። ኮሪደር ላይ የዓይን ጠብታ ሲጠብቁ የነበሩ አንዲት ሴት ክንዳቸውን ተይዘው ገብተው ጋጋሪው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሰው ለመርዳት የተጠሩ መስሏቸው እጁን ያዙለት። አስተርጓሚው ቢጨንቀው፣ «እናቱ አይደሉም፤ አባባል ነው» አለ። ይህ ደግሞ ከማንም አፍ ያልወጣ ነገር ነው። «አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሯል» ተብሎ ተጻፈ።

ሁለቱንም የጻፈችው ገምጋሚዋ ነች። ወላጆቿ የእኛን ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ የተማረች፣ ሁለቱንም ቋንቋ ሥነ ሥርዓት ባለው አነጋገር የምትናገር፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። ቅጿ ሦስት ዓምድ አለው፦ የቀረ፣ የተጨመረ፣ የተለወጠ። ቀይ እስክሪብቶ ሰው ያስደነግጣል ብላ በአረንጓዴ ነው የምትጽፈው። አስተርጓሚው ከዚያ ወዲህ ሣር ባየ ቁጥር ይደነግጣል።

አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከእርስዎ ጋር ነው የምገባው። ሦስተኛዋ እንዳትመጣብዎት።»

«ካላመጣሽብኝ በራሷ እግር አትመጣም።»

«እኔ እጽፋለሁ እንጂ አላመጣም።»

«ዝናብም እንደዚሁ ነው የሚለው» አላትና ገባ።

የዕለቱ የመጀመሪያ ታማሚ ከሦስት ቀን በፊት ደረጃ ላይ የወደቁ አዛውንት ነበሩ። ያመጣቸው ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ ነው የመጣው። ሹፌሩ የሐኪሙን ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ግን ዘመድ ለዘመዱ እንዳያስተረጉም የሚከለክል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከማስታወቂያው ሥር ቆመ። እናትየው በተሽከርካሪ ወንበር ለመግባት እምቢ ብለው፣ «የሚገፋ ዕቃ ነው» እያሉ በእግራቸው ነው የገቡት። አልጋው ላይ ወጥተው ከተቀመጡ በኋላ ሐኪሙን ትተው አስተርጓሚውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? ሚስትህ አታበላህም እንዴ?»

አስተርጓሚው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ገምጋሚዋን አየ። አረንጓዴው እስክሪብቶ ተዘጋጅቷል። ወደ ሐኪሙ ዞሮ፣ «አንተ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? ሚስትህ አታበላህም እንዴ?» አለው።

ሐኪሙ ቦርጩ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። ፊቱ በደስታ በራ። «ብስክሌት ጀምሬያለሁ» አለ። «እስካሁን ያስተዋለልኝ ሰው አልነበረም።»

«ብስክሌት ጀምሬያለሁ። እስካሁን ያስተዋለልኝ ሰው አልነበረም» አላቸው አስተርጓሚው።

«በዚህ ዕድሜህ? ወድቀህ ትሰበርና ደግሞ!»

ይህም ለሐኪሙ ደረሰ። ሐኪሙ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ እንደሚጠነቀቅ ቃል ገባ። በዚህ መልክ ተዋወቁ።

ሐኪሙ ሥራውን አስረዳ። ቁርጭምጭሚታቸው ዙሪያ አራት ቦታ ይጫናል። ከአጥንቱ ኋላ ያለችው ቦታ ካመመች ራጅ ይነሣሉ፤ ካላመመች ወለምታ ነውና እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ወደ ቤት ይሄዳሉ። አስተርጓሚው አንድም ሳያጎድል አደረሰ።

«ይጫን» አሉ አዛውንቷ፤ አንድ ሰው ቤታቸው ገብቶ ሊቀመጥ ፈቃድ የጠየቃቸው ይመስል።

ሐኪሙ ሊንበረከክ ጎንበስ ሲል የአልጋው መወጣጫ ብረት ቅልጥሙን አገኘው።

«አው» አለ በቀስታ።

ከአፍ የወጣ ሁሉ ይተረጎማል። አስተርጓሚው ለአዛውንቷ፣ የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ሆኖ፣ «ውይ» አላቸው።

«አንተን ደግሞ ምን ነካህ?» ብለው ዞሩ። ከዚያ ሐኪሙ ቅልጥሙን ሲያሽ አዩት። «እኔን! እኔን ልጄን! እኔን በፊቴ ይድፋኝ!»

እንቅፋት የመታው ዝም ቢል እንኳ፣ ያየው ዝም የማይልበት ቋንቋ ነው የእኛ። ሕመሙ ከባለቤቱ ይነጠቅና ለተመልካቹ ይሰጣል፤ የተመታውም ሰው ለተመልካቹ አዝኖ፣ «ኧረ ምንም አልሆንኩም» እያለ ሲያጽናና ይገኛል። የሐኪሞቹ ቋንቋ ግን ሕመምን እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው የሚያየው፤ እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል።

አስተርጓሚው ይህን ሁሉ ያውቃል። ማስረዳት ግን መጨመር ነው። ስለዚህ፣ «እኔን። እኔን ልጄን። እኔን በፊቴ ይድፋኝ» አለ ለሐኪሙ።

ሐኪሙ ቅልጥሙን ረሳው። «የት ነው ያመመዎት? ፊትዎን ነው?»

«እኔን ምን ያመኛል! እሱን ነው እንጂ!» አሉ አዛውንቷ።

«እኔን ምን ያመኛል። እሱን ነው እንጂ» አለ አስተርጓሚው።

ሐኪሙ ወደ ሹፌሩ ዞረ። ሹፌሩ ማስታወቂያው ላይ ይበልጥ ተለጠፈና፣ «እኔ ደህና ነኝ» አለ። ሐኪሙ ግን የፊቱ ቀለም አልጣመውም መሰለኝ፣ አንድ ነገር ጻፈ።

አረንጓዴው እስክሪብቶ አልተንቀሳቀሰም። የቀረ የለም፣ የተጨመረ የለም፣ የተለወጠ የለም። ሁሉም ነገር ልክ ነበር፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የተግባባ ሰው አለመኖሩ ዓምድ የለውም።

መጫኑ ተጀመረ። አንደኛው ቦታ ምንም አልነበረም። ሁለተኛው ላይ፣ «እጁ ይቀዘቅዛል» አሉ፤ ደረሰ፤ ሐኪሙ እጁን አፋትጎ አሞቀና ይቅርታ ጠየቀ። ሦስተኛው ከአጥንቱ ኋላ ያለችው ነበረች። ሐኪሙ አውራ ጣቱን አሳረፈና ተጫነ።

አዛውንቷ ምንም አላሉም።

አስተርጓሚው ግን ግማሽ እርምጃ ኋላቸው ነው ያለው። አልጋው ላይ የተነጠፈው ወረቀት በእጃቸው ሥር በቀስታ ሲቀደድ ሰማ። የደህናው እግራቸው ጣቶች እንደ ቡጢ ተጨበጡ። ትንፋሻቸው ቆመ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ቀና ብለው ፈገግ አሉና፣ ማር በመሰለ ድምፅ ጠየቁት።

«መኪናውን የት አቆምከው? ጥላ ሥር ነው?»

«መኪናውን የት አቆምከው? ጥላ ሥር ነው?» አለ አስተርጓሚው ለሐኪሙ።

«ብስክሌቴን ነው? በር ላይ ናት» አለ ሐኪሙ፤ ዛሬ ሰው በጣም አሰበለት። «እዚህ ጋስ ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም! ምን ሆኜ!»

አስተርጓሚው አስተላለፈ። «ምንም። ምን ሆኜ።»

የገዛ አባቱ ትዝ አሉት። መዶሻ አውራ ጣታቸውን ሲነካ ሰፈር የሚጠሩ ሰውዬ ነበሩ፤ ኩላሊታቸው የተነሣባቸው ቀን ግን ግድግዳው ላይ ዓይናቸውን ተክለው፣ «ይህ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ልበል?» ሲሉ ነው ያመሹት። ትንሿ ሕመም አፍ አላት፤ ትልቋ ዲዳ ናት። በተለይ ልጅ ፊት። ይህን ግን ማን ከአፉ አወጣው? ማንም። ከአፍ ያልወጣ አይተረጎምም።

አራተኛውም ምንም አልነበረም። ሐኪሙ እርግጠኛ ለመሆን ሦስተኛዋን ቦታ እንደገና ተጫነ። የወረቀቱ ቅዳጅ ስንዝር ሞላ።

«እኔን!»

ሁሉም ዞሩ። አስተርጓሚው ራሱም ማን እንደ ተናገረ ለማየት ሊዞር ነበር፤ ከኋላው ግድግዳ ብቻ ነው ያለው።

«ምን አሉ?» አለ ሐኪሙ።

«ምንም አላልኩ» አሉ አዛውንቷ፤ ጥያቄው ሳይተረጎምላቸው።

ገምጋሚዋ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ሐኪሙ የሚመልስለት ሲያጣ ትከሻውን ነቅንቆ ፋሻውን ከመሳቢያ አወጣ። ጫፉን መፈለግ ጀመረ። ፋሻው ሲጠቀለል፣ አዛውንቷ ሲመሰገኑ፣ በእግራቸው ደረጃውን ሲወርዱ አስተርጓሚው ከወዲሁ ታየው። ምድር ቤቱም ታየው። መስኮት የለውም።

«እኔን!» አለ እንደገና፤ አሁን ጮክ ብሎ። ቀጥሎም ሳይተነፍስ በሐኪሙ ቋንቋ፣ «አስተርጓሚው እኔን አመመኝ ይላል» አለ።

ሐኪሙ ፋሻውን እንደ ያዘ ቀረ። «አንተን? የትህን?»

«ከአጥንቱ ኋላ። የእሳቸው ቁርጭምጭሚት ላይ። አሁን አውራ ጣትዎ የነበረበት ቦታ።»

«የእሳቸው እግር አንተን አመመህ።»

«በጣም።»

ሐኪሙ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው የሚያውቀውን ጥያቄ ይጠይቃል። «ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?»

«ዘጠኝ።»

ሕግ ሕግ ነውና ይህም ለአዛውንቷ መድረስ ነበረበት። ወደ እሳቸው ዞሮ፣ እግራቸው ከአሥር ዘጠኝ እንዳመመው ነገራቸው።

አዛውንቷ በቁጣ ቀና አሉ። «ዘጠኝ! አታጋን እንጂ! ምን ዘጠኝ ይሞላል፣ ሰባት ቢሆን ነው!»

«ዘጠኝ። አታጋን እንጂ። ምን ዘጠኝ ይሞላል፣ ሰባት ቢሆን ነው» አለ አስተርጓሚው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ተደስቶ የተረጎመው ነገር የለም።

«እማዬ! ሰባት?» ሹፌሩ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ዝም በል አንተ። ስድስት ተኩል ነው።»

ሐኪሙ ፋሻውን ወደ መሳቢያው መልሶ የራጅ ወረቀት ጻፈ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፎቶው መጣ፤ ከአጥንቱ ኋላ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ነበረች። በእሷ ላይ ሦስት ቀን ደረጃ ወጥተዋል፣ ወርደዋል፣ ልብስም አጥበዋል።

ገምጋሚዋ አስተርጓሚውን ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ሳል፣ ማስነጠስ፣ ማዛጋት በሕጉ አይቆጠርም፤ ሰው ያመልጠዋል። አሁን ያሉት ነገር አምልጦዎት ነው ወይስ አስበው?»

በር እየከፈተችለት እንደ ሆነ ገባው። አምልጦኝ ነው ቢል ያበቃል። አገጩን አሸ።

«የመጀመሪያው አመለጠኝ» አለ። «ሁለተኛውን አስቤ ነው።»

«ሁለተኛውም አምልጦዎት ቢሆንስ?»

«አሁን አንቺ ነሽ የምትጨምሪው።»

ልጅቱ ቀላች። «የተጨመረ» በሚለው ዓምድ ሥር በአረንጓዴ «እኔን» ብላ ጻፈች። ወዲያው አዛውንቷ ጄሶ ሊደረግላቸው ከገቡበት ክፍል የሚያሰቅቅ ጩኸት መጣ፦ «ወይኔ! ጨረሱኝ! ኧረ የሰው ያለህ! ገደሉኝ እኮ!» ገምጋሚዋ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች።

«ተቀመጪ» አላት አስተርጓሚው። «ጄሶው ቀዝቅዟቸው ነው።»

ተቀመጠች። ቅጹ ገና አላለቀም ነበር። ጥፋት የሆነው ቃል በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አቻው ጎኑ ላይ ካልተጻፈ መዝገብ ቤት አይቀበልም። «እኔ» የሚለውን ጻፈችና ሰረዘችው። «አዘንኩ» ብላ ጻፈች፤ ይህ ቀብር ላይ የሚባል ነው፤ ሰረዘችው። ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ ‹እኔን› ማለት በዚህ ቋንቋ ምን ይባላል?»

የእናትየው ድምፅ አስተርጓሚው ዘንድ ድረስ ተሰማ። «ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም እማዬ፣ ለሥራ ነው።»

«ታዲያ ማን ወደቀ?»

«አንዲት ሴትዮ ናቸው፤ አታውቂያቸውም። ደረጃ ላይ።»

«እኔን! እኔን ይድፋኝ! ደረጃ ላይ? ተሰበሩ?»

«እማዬ፣ ትርጉሙን ነው የጠየቅኩሽ!»

«ዳኑ ወይ ብዬ ስጠይቅሽ ትርጉም ትይኛለሽ? ልጅ ናት የወለድኩት ወይስ መዝገበ ቃላት?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ገምጋሚዋ አቻው በሚጻፍበት ቦታ ምንም ሳትጽፍ ፈረመችና ላከችው። መዝገብ ቤት በአራተኛው ቀን መለሰው። ከሳሽ የሆነች ገምጋሚ አስተርጓሚም መሆን ስለማትችል፣ ጉዳዩ ቋንቋውን ለሚችለው ብቸኛ ባለሙያ ተመራ። ደብዳቤው ለአስተርጓሚው ደረሰው፦ የፈጸሙትን ጥፋት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በትክክል ተርጉመው እንዲያቀርቡ፤ ትርጉሙ እስኪደርስ ጥፋቱ እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ተቀመጠ። አንድ ቃል አድርጎ ሲጽፈው የሚቀር ነገር አለው። «በአንተ ፈንታ እኔን ያሳመመኝ» ብሎ ሲያስረዝመው የተጨመረ ይሆናል። ሌላ ሲሞክር ተለወጠ። ሚስቱ የታጠበ ልብስ እያጠፈች አጠገቡ ተቀመጠች።

«ስንት ቀን ሰጡህ?»

«አሥራ አምስት።»

«ካልደረሰስ?»

«ማመልከቻ አስገብቼ አስራዝማለሁ።»

«እስከዚያ ሥራህ ላይ ነህ?»

«ላይ ነኝ።»

ሚስቱ እጇን ጠርጋ የመጨረሻውን ወረቀት አነሣች። ያንን ቋንቋ ገበያ ለመገብየት ያህል ብቻ ነው የምታውቀው። ቢሆንም ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አነበበችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ይቺም አልጣመችኝም» አለችው። «ድገማት።»

አዲስ ወረቀት አቀረበችለት።